ከፍርስራሽ የተነሣ ድምፅ፦ የፖላንድ ሬዲዮ ኦርኬስትራ ዳግም ምሥረታ

ኦርኬስትራን ማቋቋም ከባድ ሥራ ነው። በጦርነት የተበተነውን መልሶ ማቋቋም ግን ከዚያ ይከብዳል። ለዚህም የፖላንድ ሬዲዮ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

ኦርኬስትራው እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. በግዤጎዥ ፊቴልበርግ መሪነት በዋርሶ ተመሠረተ። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በ1939 የናዚ ጀርመን ጦር ፖላንድን በወረረ ጊዜ የአገሪቱ ሬዲዮ ጸጥ አለ፤ ኦርኬስትራውም ተበተነ። ፊቴልበርግ ከአገሩ ተሰደደ። በዋርሶ ከቀሩት ባለሙያዎች መካከል ወጣቶቹ የሙዚቃ ደራስያን ቪቶልድ ሉቶስዋቭስኪና አንድዤይ ፓኑፍኒክ በየቡና ቤቱ ፒያኖ በጥምር እየተጫወቱ የዕለት ጉርሳቸውን ያገኙ ነበር።

የወራሪው ዓላማ መሬት መያዝ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎችን ዘጋ፤ ፖላንዳውያን ሬዲዮ እንዳይኖራቸው ከለከለ፤ በ1940 ደግሞ በዋርሶ የቆመውን የሾፐንን ሐውልት አፈረሰ። ከ1944ቱ የዋርሶ ሕዝባዊ አመፅ በኋላም ከተማይቱን ሆን ብሎ የፍርስራሽ ክምር አደረጋት።

በጥር 1945 የድንጋይ ከሰል ከተማ የሆነችው ካቶቪትሴ ከናዚ እጅ ወጣች። ጉዳቷ ከዋርሶ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በመጋቢትም ቪቶልድ ሮቪትስኪ ሙዚቀኞችን አሰባስቦ የሬዲዮውን ኦርኬስትራ በዚያ እንደገና መሠረተ። በአውሮፓ ጦርነቱ ያበቃው ግን በግንቦት ነው። «ሕዝብ ዳቦ ሳይጠግብ ኦርኬስትራ ምን ይረባል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ባህሉ እንዲጠፋ ለተፈረደበት ሕዝብ የራሱን ሙዚቃ በራሱ ሬዲዮ መስማት በሕይወት መኖሩን ማረጋገጫ ነበር።

በ1947 ፊቴልበርግ ከስደት ተመልሶ የኦርኬስትራውን አመራር ተረከበ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1953 ድረስም መራው። በሚያዝያ 1948 የሉቶስዋቭስኪን የመጀመሪያ ሲምፎኒ ለሕዝብ አሰማ። ደራሲው ይህን ሥራ የጀመረው በወረራው ዘመን ነበር። ሆኖም በ1949 የመንግሥት ባህል ኃላፊዎች ሥራውን «ፎርማሊስት» ብለው አወገዙት፤ ለዓመታትም ከመድረክ ራቀ። ኦርኬስትራውን መልሶ ያቆመው ሥርዓት ኦርኬስትራው የወለደውን ሥራ ሊያፍን ሞከረ። ዛሬ የውግዘቱ ቃል ተረስቷል፤ ሲምፎኒው ግን ይደመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኦርኬስትራው ቀድሞ የከሰል ማዕድን በነበረ ሥፍራ የታነጸ 1,800 ያህል መቀመጫ ያለው አዲስ አዳራሽ አገኘ። አዳራሹ የሚገባው ክብር ነው። ሆኖም በ1945 ኦርኬስትራውን ያቆመው አዳራሽ አልነበረም፤ የተበተኑትን ሰዎች የሰበሰበ ጥሪ ነበር። የባህል ተቋም መሠረቱ ባለሙያው ነው፤ ባለሙያውን ሰብስቦ የሚያስተዳድርም ሁሉ አዲስ ሥራ እንዲያፈራ ነፃነቱን ካልጠበቀለት የሠራውን ቤት በገዛ እጁ ያፈርሳል።