ቤት ሲሸጡና ሲገዙ ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግ ጉዳዮች

ማንኛውም ሰው የቤት ሽያጭ ውልን ያለ ጠበቃ ራሱ ሊፈጽም ይችላል። ሆኖም በምስክሮች ፊት ብቻ የሚፈረም የመንደር ውል ለገዢው በቂ ዋስትና አይሆንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይደነግጋል። ስለሆነም ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርበታል፦

1. ይዞታ፦ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቤቱም ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን የይዞታውን ማኅደር ከሚይዘው መሥሪያ ቤት ማጣራት፤
2. ትዳር፦ ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት መኖሩን ማረጋገጥ፤
3. ውክልና፦ በአንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ ስለማያስችል፣ በውጭ አገር የሚኖር ሻጭ ጭምር ለመሸጥ የሰጠውን ልዩ ውክልና መመልከት።

ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቋም መረጋገጡ የሂደቱ መጨረሻ አይደለም። በአንቀጽ 2878 መሠረት ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የለውም፤ ቤቱም በሻጩ ዕዳ ምክንያት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ግብሩን የሚከፍለው ወገን ማን እንደሆነ፣ እንዲሁም ቀሪው ክፍያ ስመ ሀብቱ ሲዛወር እንደሚፈጸም በውሉ ላይ በግልጽ ማስፈር ይመከራል።