ትርፍ ቤት

ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ አያቴ ቤት ክረምት ማለት ባልዲ ማለት ነበር። ጣራው ሦስት ቦታ ላይ ስለሚያፈስ ሦስት ዕቃ እንደቅናለን፤ ጠብታው ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበለ ያድራል። «ለምን አይታደስም?» ስላት «የቀበሌ ቤት ነዋ!» ትለኛለች። የወር ኪራዩ ግን ዛሬ ለአንድ ማኪያቶ ከማወጣው ያንስ ነበር። ርካሹ ኪራይም የሚያፈሰው ጣራም ከአንድ አዋጅ እንደመጡ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ጎጃም የርስት አገር ነው። ገበሬው ድሃ ቢሆንም በአባቱ ወይም በእናቱ ወገን ቆጥሮ የሚደርሰው መሬት ነበረው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ሞጣና ሌሎች አውራጃዎች ያመፁት «ርስታችንን ሊነጥቁን ነው» ብለው ጭምር ነበር። ይኸው ባለርስት፣ በተለይ ትዳሯ ፈርሶ የመጣች ሴት፣ ከተማ ስትገባ ግን ተከራይ ናት። አንድ የጭቃ ክፍል፣ የጋራ ግቢ፣ የጋራ ሽንት ቤት፤ የባለቤቱ ፊት ከጠቆረ ደግሞ ዕቃ ጠቅልሎ መውጣት።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ የቀረው «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍሉት ቅናሹ እስከ ግማሽ ደረሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የጭቃ ቤቶቹ በየትኛው ወገን እንደወደቁ መገመት አያቅትም።

ለተከራዩ ይህ ቀልድ አልነበረም። ነገ ውጡ የሚል ባለቤት የለም። አያቴ መሀል ከተማ፣ ከገበያውም ከቤተ ክርስቲያኑም ሳትርቅ ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ደርግ ሌላ ሌላውን ስታነሳ ድምፅዋ ይቀየራል፤ ስለዚህ አዋጅ ግን ክፉ ሲወጣት አልሰማሁም።

«ትርፍ» የሚለው ቃል ግን ይከነክነኛል። አዲስ አበባ ላይ ትርፍ ማለት የመኳንንቱ ቪላዎች ናቸው። ጠላና አረቄ ሸጣ ባጠራቀመችው ሁለተኛ ቤት ሠርታ፣ በኪራዩ ልጦር ያለች ሴትስ? ለአዋጁ እሷም ባለትርፍ ናት። ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው ወርኃዊ መጦሪያ እንደሚሰጥ ተጽፎ ነበር፤ ቤቷ ግን ሄደ።

ትልቁ ችግር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለማከራየት ቤት መሥራት ተከልክሏል፤ ታዲያ ማን ይሥራ? የቀበሌው ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆመ፤ የቆርቆሮና የምስማር ዋጋ ግን አልቆመም። በሚሰበሰበው ሳንቲም ምን ይታደስ? ኪራይ መቀነሱ ስሕተት ነበር አልልም። ስሕተቱ የሚሠራውንና የሚጠግነውን ሰው ሳያዘጋጁ መቀነሱ ነው።

ከደርግ በኋላ ሊዝ መጣ፤ ቦታ በጨረታ ሲሆን ድሃው ከበር ቀረ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የፎቅ ላይ ቤትን በግል ይዞ ባለካርታ መሆን እንዲቻል አደረገ፤ ኮንዶሚኒየሞቹ የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ግን ቅድሚያ ክፍያ አለው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ከየት ያምጣ?

በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1320 ሲወጣ እኔም ተከራይ ስለሆንኩ ጓጉቼ አነበብኩት። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ያልበለጠ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ መንግሥት በሚወስነው ልክ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ የአያቴ ጣራ ትዝ አለኝ። ልዩነቱ፣ አሁን ቤቱ በባለቤቱ እጅ ይቆያል፤ ለማከራየት መሥራትም አልተከለከለም። ክልሎች የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የመወሰን ድርሻ አላቸው።

አያቴ በመጨረሻ ቆርቆሮውን በራሷ ገንዘብ ገዛች፣ የራሷ ላልሆነው ቤት። የዕድሯ ሰዎች አናጢ አመጡላት፤ በአንድ ቅዳሜ ተመታ። በዚያው ወር ኪራዩን እንደወትሮው ከፈለች፤ ደረሰኙንም ከሌሎቹ ጋር አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ከተተችው።