«በግራ ጎንሽ ተኚ» የሚለው ምክር ከየት መጣ?



ከነፍሰ ጡር እናቶች በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተደጋግሞ የሚመጣው ይኼ ነው፦ «ዶክተር፣ በግራ ጎኔ ተኝቼ ሌሊት ስነቃ በጀርባዬ ሆኜ አገኘሁት። ልጄን ጎድቼው ይሆን?» አንዳንዶቹ ይህንን ፈርተው ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው እንደሚያነጉ ይነግሩኛል። ሆድ ገፍቶ፣ ወገብ አሞ፣ ሽንት በየሰዓቱ እየቀሰቀሰ፣ በዚያ ላይ ጸጸት ሲጨመርበት እንቅልፍ ከየት ይመጣል?

ለቸኮለ ሰው መልሱ አጭር ነው፦ አልጎዳሽውም፤ ወደ ጎንሽ ዞረሽ መልሰሽ ተኚ። እንዲህ በድፍረት የምለው ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ግን ምክሩ የመጣበትን መንገድ ላሳያችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመኝታ ቤት ሳይሆን ከሆስፒታል አልጋ ነው። በ1953 ሃዋርድ፣ ጉድሰን እና ሜንገርት የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። መውለጃቸው የተቃረበ አንዳንድ ሴቶች በጀርባቸው ሲንጋለሉ ፊታቸው ይገረጣል፣ ያልባቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ደም ግፊታቸው ይወርዳል፤ አንዳንዶቹም ራሳቸውን ይስታሉ። ወደ ጎን ሲገለበጡ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ምንም እንዳልነበረ ይሆናሉ። ነገሩን ቀደም ብለው ያስተዋሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ስም አግኝቶ በሰፊው የታወቀው ግን ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከእግርና ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚመልስ አንድ ትልቅ ደም መልስ አለ፤ ኢንፊሪየር ቬና ካቫ ይባላል። የሚገኘው ከአከርካሪ አጥንት ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ነው። ግድግዳው ስስ ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊትም ዝቅተኛ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ላይ ልጁ፣ የሽርት ውሃው፣ እንግዴ ልጁና ማህፀኑ ተደምረው በርካታ ኪሎ ይመዝናሉ። እናት ስትንጋለል ይህ ሁሉ ክብደት በዚያ ስስ የደም ስር ላይ ያርፋል። አትክልት የሚጠጣበትን ጎማ በእግር እንደመርገጥ ነው። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ፣ ልብ የሚረጨውም ያንሳል። «ግራ» የሚለው ቃልም የመጣው ከዚህ ነው፤ ደም መልሱ በቀኝ በኩል ስላለ፣ ወደ ግራ መዞር ክብደቱን ከላዩ ያነሳለታል።

ታዲያ ሁሉም ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ስትተኛ ለምን አታዞራትም? ይህንን ጥያቄ ይዘው የተነሱት በስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የነበሩት ኬር፣ ስኮት እና ሳሙኤል ናቸው። በ1964 ባሳተሙት ጥናት በራጅ የሚታይ ቀለም በደም ስር ውስጥ እየሰጡ፣ የሴቶቹን ደም መልስ በፎቶ ተመለከቱ። ያዩት ነገር ሐኪሞችን አስገረመ። እናቶቹ በጀርባቸው ሲሆኑ ትልቁ ደም መልስ በአብዛኞቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተዘግቶ ነበር፤ ምንም ስሜት በሌላቸው እናቶች ላይ ጭምር! ደሙ ግን ቆሞ አልቀረም። በአከርካሪው ዙሪያ ባሉ ትናንሽ የደም ስሮች በኩል እየዞረ ወደ ልብ ይደርሳል። ዋናው አስፋልት ሲዘጋ ታክሲው ውስጥ ለውስጥ ሰፈር አቆራርጦ እንደሚወጣው ማለት ነው። የውስጥ ለውስጥ መንገዷ ሰፊ የሆነ እናት ምንም አይሰማትም። መንገዷ የጠበበ ደግሞ ያዞራታል፤ እነዚህ ከአስር አንድ ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ ናቸው።

ይህ ግኝት በቅድሚያ የለወጠው የቀዶ ህክምና ክፍሉን ነው። በኦፕሬሽን የወለዳችሁ እናቶች ጠረጴዛው ወደ ግራ ዘንበል ማለቱን ወይም ከቀኝ ዳሌያችሁ ስር የሆነ ነገር መደረጉን ታስታውሱ ይሆናል። በወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ በራሱ ግፊት ስለሚያወርድ፣ በላዩ ላይ የማህፀኑ ክብደት እንዳይጨመር ነው። ለረጅም ዓመታት 15 ዲግሪ ማዘንበል በቂ ነው ተብሎ ሲሠራበት ቆየ። በ2015 ጃፓናውያን ሐኪሞች በኤምአርአይ ሲያዩት ግን በ15 ዲግሪ ደም መልሱ ብዙም አልተከፈተም፤ መከፈት የጀመረው ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የታወቀ የተባለ ነገር መልሶ መለካት እንዲህ ይጠቅማል።

ከኦፕሬሽን ጠረጴዛ ወደ ቤት አልጋ የተደረገው ዝላይ ግን በእኔ አስተያየት የችኮላ ነበር። ነቅታ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ለተንጋለለች ሴት የተገኘው ዕውቀት፣ በቤቷ ለምትተኛና በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ለምትገላበጥ ሴት በቀጥታ ተሰጠ። «በግራ ተኚ» በመጻሕፍት ገባ፣ በጤና ጣቢያ ተነገረ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተዛመተ። የቤት ውስጥ እንቅልፍ በልጁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ለአሥርት ዓመታት በቁም ነገር የተጠና አልነበረም።

የተጠናው በ2011 ነው። በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ ቶማሲና ስቴሲ እና ባልደረቦቿ 28 ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ልጃቸው በማህፀን ውስጥ የሞተባቸውን 155 እናቶች አነጋገሩ። ለማነጻጸርም እርግዝናቸው በተመሳሳይ ሳምንት ላይ ያለ 310 ሴቶችን ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የመጨረሻዋን ሌሊት በምን ጎን ተኛሽ የሚል ነበር። በግራ ጎናቸው ከተኙት ይልቅ በሌላ አኳኋን በተኙት ላይ አደጋው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጦች «እጥፍ» የምትለዋን ቃል ይዘው ሮጡ። ቁጥሩ ሲፈታ ግን ከ1,000 እናቶች በ2 ፈንታ 4 ገደማ ማለት ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸውም ሌላ ጥናት ሳይደግፈው ለሕዝብ ምክር መስጠት እንደማይገባ ጽፈው ነበር።

ልብ በሉ፣ የዚህ ዓይነት ጥናት አንድ ድክመት አለው። ልጇን ያጣች እናት የመጨረሻዋን ሌሊት በሐሳቧ ስንት ጊዜ ተመላልሳበታለች? ጽንሷ ደህና የሆነላት ግን ትናንት እንዴት እንደተኛች አስባበትም አታውቅ ይሆናል። የሁለቱን ትዝታ በእኩል ሚዛን ማስቀመጥ ያስቸግራል።

ቀጥሎ በ2013 ከአፍሪካ አንድ ጥናት ወጣ። በጋና፣ አክራ በሚገኘው በኮርሌ ቡ ማስተማሪያ ሆስፒታል የወለዱ 220 እናቶች ተጠይቀው፣ በጀርባ መተኛት ክብደቱ ዝቅ ካለ ልጅ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከአውስትራሊያ፣ እንደገና ከኒውዚላንድ፣ ከእንግሊዝም ጥናቶች ተከተሉ። በ2019 የእነዚህ አገሮችና የሌሎችም መረጃ በአንድ ላይ ተቀናበረ፤ ልጃቸው የሞተባቸው 851 እናቶችና 2,257 ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ማለት ነው። ከ28 ሳምንት በኋላ በጀርባቸው እንቅልፍ የጀመሩ ሴቶች አደጋቸው 2.6 እጥፍ ነበር። የቀኝ ጎን ግን ከግራው ምንም አልተለየም!

ስለዚህ በግራ ጎን ብቻ ተኝታችሁ ትከሻችሁ የዛለ እናቶች፣ ወደ ቀኝ መዞር ትችላላችሁ።

በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ተቃራኒ የሚመስል ውጤት መጣ። ከ8,700 በላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶች፣ ገና ሳይወልዱ፣ ውጤቱም ሳይታወቅ ተጠየቁ። ይህ የትዝታውን ችግር ያስቀራል። እስከ 30 ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ በጀርባ መተኛት ከምንም ጉዳት ጋር አልተያያዘም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው የግድ አይጣሉም፤ አንደኛው ስለ እርግዝና መጀመሪያና መካከል፣ ሌላው ስለ መጨረሻዎቹ ወራት ነው የሚናገረው። ሆዳችሁ ገና ካልገፋ፣ እንደተመቻችሁ ተኙ።

ልጁስ በውስጥ ምን ይሆናል? የኦክላንድ ተመራማሪዎች ጤነኛ ነፍሰ ጡሮችን በኤምአርአይ ሲመለከቱ፣ እናት በጀርባዋ ስትሆን ልቧ የሚረጨው ደም በ16 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የጽንሱን ልብ ምት ሲከታተሉ ደግሞ፣ ጽንሱ እንቅስቃሴ ወደሚያንስበት የእንቅልፍ ሁኔታ እንደሚገባ አዩ። ስልካችሁ ባትሪ ሲያንሰው ቁጠባ ውስጥ እንደሚገባው ነው፤ ኦክስጅን ይቆጥባል። ጤነኛ ጽንስ ይህንን ይችለዋል። የሚያሳስበው አስቀድሞ የተዳከመው ነው፦ ዕድገቱ የቀነሰ፣ ወይም እናቱ ደም ግፊት ያለባት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እነዚህ እናቶች በዋነኛነት የተጠየቁት ሲነቁ እንዴት እንደነበሩ ሳይሆን ለመተኛት ሲጋደሙ በምን አኳኋን እንደነበሩ ነው። ሰው ከሌሊቱ ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው እንቅልፍ በጀመረበት አኳኋን ስለሆነ፣ እናንተ የምትቆጣጠሩትም እሱን ብቻ ስለሆነ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2021 ያወጣው ምክርም ይኸው ነው፤ ከ28 ሳምንት በኋላ እንቅልፍ ስትጀምሩ በጀርባ ላለመሆን ሞክሩ ነው የሚለው። የቀን ሸለብታም ይጨምራል። ተኝቶ ለተገላበጠ ሰው ክስ የለበትም።

ለዚህ ውድ የእርግዝና ትራስ አያስፈልግም። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ስትንጋለሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይይዛችኋል። ሌላ ትራስ በጉልበቶቻችሁ መሐል ቢገባ ወገብና ዳሌ ያርፋል። ቃር ለሚያስቸግራት ከራስጌ ከፍ ማድረግ ይረዳል። የማታ ቡናውን ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከሦስቱም ስኒ ይቅር።

ማታ እግራችሁን አላስተኛ የሚል፣ ካላንቀሳቀሳችሁት የማይለቅ ስሜት ካለ ዝም አትበሉት። ስዊድናዊው ሐኪም ኤክቦም በ1940ዎቹ በዝርዝር የጻፈለት ችግር ነው፤ ከእርግዝናና ከአይረን ማነስ ጋር መያያዙም ከታወቀ ቆይቷል። የተሰጣችሁን አይረን በአግባቡ እየወሰዳችሁ መሆኑን ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ከፋርማሲ የእንቅልፍ ኪኒን በራስ መግዛት ግን አይሞከርም። ታሊዶማይድ በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍና ለማረጋጊያ ተብሎ ሲወጣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። ጉዳት የለውም ተብሎ ነፍሰ ጡሮችም ወሰዱት። በኅዳር 1961 ከጀርመን ገበያ እስኪወጣ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ፣ ወይም ሌላ ከባድ ጉዳት ይዘው ተወለዱ። አሜሪካ በአብዛኛው የተረፈችው ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች ሐኪም ማስረጃው አይበቃም ብላ ፈቃዱን ስለከለከለች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአኳኋኑ ጥናት የመጣው ከሞላ ጎደል የቀሩት አደጋዎች አብዛኛዎቹ ከተያዙባቸው አገሮች ነው። በእኛ አገር በማህፀን ውስጥ ልጅ የሚያሳጡት በብዛት ያልተለካ ደም ግፊት፣ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና የተራዘመ ምጥ ናቸው። ስለ ግራ ጎን ተጨንቃ ሌሊቱን የምታነጋ፣ የክትትል ቀጠሮዋን ግን የዘለለች እናት ሳገኝ በጣም አዝናለሁ።

የልጁ እንቅስቃሴ ከለመዳችሁት ከቀነሰ ግን «በጎኔ ተኝቼ ልየው» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።