የማይባር መዝገብና የቦረና ተዳፋት

ከመካነ ሰላም ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ስለሚታጠበው የወሎ ቦረና አፈር የሚነገሩት ቁጥሮች መነሻቸው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ሲያቋቁሙ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ከደሴ በስተደቡብ ማይባር ላይ ተተከለ። ጉኑኖ፣ ሁንዴ ላፍቶ፣ አንዲት ጥድ፣ አንጀኒ፣ አፍደዩና ዲዚ ተከተሉ። ከሰባቱ አንዱም ቦረና አልነበረም።

በየጣቢያው ከሙከራ መደቦቹ የሚወርደው ጎርፍ በገንዳ ይጠራቀም ነበር፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር የውኃው ከፍታ ይለካ፣ ከድፍርሱ ውኃ ናሙና ይቀዳ፣ ደለሉ ደርቆ ይመዘን ነበር። የፕሮጀክቱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በአሜሪካ ማሳዎች ልኬት ላይ የቆመውን የዊሽማየርና የስሚዝ የአፈር መሸርሸር ቀመር እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ሲያስማማ፣ የዝናብን ጉልበት ከዓመታዊ መጠኑ አሰላ። የአፈሩን ተሸርሻሪነት ደግሞ በቀለሙ ለየ፦ ጥቁር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30። በሰብል ሽፋን ረገድ ጤፍ ከሌሎቹ እህሎች የላቀ ቁጥር፣ 0.25፣ ተሰጠው። ደጋግሞ የታረሰው ማሳ የሐምሌን ዶፍ የሚቀበለው ራቁቱን ነውና፣ ገበሬ የሚያውቀው እውነት እዚህ ስሌት ውስጥ ገብቷል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቦረና ወረዳ የታተመው ግምት የዚሁ ቀመር ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ስሌት የትኛው ተዳፋት ቅድሚያ እንደሚሻ ለማወቅ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በሔክታር የሚሰጠውን ቶን ግን እንደተመዘነ ደለል ማንበብ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ቀመሩ ቦረቦርን አያይም፤ ከማሳ ተነሥቶ ግርጌ የቀረውንም ዓባይ ከገባው አይለይም።

ቅድሚያ የሚሻው ተዳፋት ቢታወቅም፣ የእርከን ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ያለ ዝንባሌ የተሠራ እርከን እርጥበት ያቆያል፤ ዝናብ በሚበዛበት እንደ አንጀኒ ባለ አገር ግን ውኃው በቀስታ የሚወርድበት ዝንባሌ ካልተሰጠው ማሳውን ያጨቀያል። የማይባር፣ የአንዲት ጥድና የአንጀኒ መዝገቦች እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድነት ሲመረመሩ ሌላ ነገርም ታየ፤ ከትነት የተረፈው የክረምት ዝናብ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ከዚያ በኋላ ከሚዘንበው ወደ ወንዝ የሚወርደው ድርሻ እምብዛም አይለዋወጥም። ብዙው ጎርፍ የሚነሣው ውኃ ከጠገበው የሸለቆ ግርጌና መሬቱ ከሳሳው ገላጣ ነው። ላይኛው ተዳፋት ላይ ብቻ የተደረደረ እርከን ይህን ጎርፍ አያገኘውም።