ሽልማቱና ያልተሸለሙት

የምርምር ውጤት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለሕዝብ አገልግሎት እስኪውል ድረስ የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው። በዚህ መንገድ ላይ መሐንዲሱ የሠራውን ነገር ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ ይቀራል፤ የንግድ ሥራ ምሩቁም ገበያውን ዐውቆ ለገበያ የሚያቀርበው አዲስ ነገር ያጣል። ሁለቱን ለማገናኘት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ በድኅረ ምረቃ የንግድ ሥራ አስተዳደር ተማሪዎች ዙሪያ የተቋቋመው የፈጠራና የድርጅት ምሥረታ ሽልማት ነው። ከእነዚህም መካከል የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ሽልማት ታሪክ በተለይ ለመሐንዲሶች የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሽልማቱ በፊት በነበሩት ዘመናት ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው አያውቁም ማለት አይደለም። የተቋሙ መሐንዲሶች ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን በ1957 ዲጂታል ኢክዊፕመንት የተባለውን የኮምፒዩተር ኩባንያ ሲያቋቁሙ፣ 70,000 ዶላር መነሻ ካፒታል ያገኙት የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ዦርዥ ዶሪዮ ይመሩት ከነበረውና በ1946 ከተመሠረተው የካፒታል ድርጅት ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው በር የሚከፈተው ለጥቂቶች ብቻ ነበር።

በ1984 በኦስቲን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አስተዳደር የማስተርስ ተማሪዎች አንድ አዲስ ነገር ጀመሩ። የሕግ ተማሪዎች በልምምድ ችሎት ቆመው ክርክር እንደሚማሩ ሁሉ፣ እነርሱም የንግድ ዕቅዳቸውን በዳኞች ፊት አቅርበው የሚሟገቱበትን ውድድር መሠረቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1990፣ በኤም.አይ.ቲ. የምሕንድስና ተማሪዎችና የስሎን የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ማኅበራት ተባብረው የ10,000 ዶላር ሽልማት አቋቋሙ። አስተዳዳሪዎቹም ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ውድድሩ የሚጠራው በሽልማቱ መጠን ስለ ነበር፣ ገንዘቡ በ1996 ወደ 50,000፣ በ2006 ደግሞ ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ሲል ስሙም አብሮ ተለወጠ።

የዚህ ሽልማት ፋይዳ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በ1998ቱ ውድድር ነው። የተግባራዊ ሒሳብ ፕሮፌሰሩ ቶም ሌይተንና ከእስራኤል የመጣው የድኅረ ምረቃ ተማሪያቸው ዳንኤል ሌዊን በኢንተርኔት መጨናነቅ ላይ ምርምር ያካሂዱ ነበር። መፍትሔያቸውም የድረ ገጾችን ቅጂ በልዩ ልዩ ቦታ ለሚገኙ ብዙ ሰርቨሮች ማከፋፈል ሲሆን፣ የትኛው ገጽ በየትኛው ሰርቨር እንደሚቀመጥ የሚወስነውን የሒሳብ ዘዴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1997 በጥናታዊ ጽሑፍ አቅርበውታል። በዚህ ዘዴ አንድ ሰርቨር ቢበላሽ ቦታቸውን የሚለውጡት ጥቂት ገጾች ብቻ እንጂ መላው ክፍፍል አይደለም።

ሒሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን ሒሳብ ብቻውን ኩባንያ አይሆንም። ሌዊን ስለ ውድድሩ የሰማው ከአንድ የስሎን ተማሪ ሲሆን፣ ሌላው የስሎን ተማሪ ጆናታን ሲሊግም ከቡድኑ ጋር ተሰለፈ። የንግድ ዕቅድ መጻፍ ደግሞ የሒሳብ ሊቅ ያልለመዳቸውን ጥያቄዎች ያስከትላል፦ ገዢው ማን ነው? አገልግሎቱ በምን ይለካል? ገቢ እስኪገኝ ድረስ ወጪውን ማን ይሸፍናል? አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም እንዲሉ፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የተገኘው በሁለቱ ወገኖች መተባበር ነው።

ቡድኑ ለመጨረሻው ዙር ቢደርስም አላሸነፈም። ሽልማቱን የወሰደው ዳይሬክት ሂት የተባለው፣ ድረ ገጾችን በተጠቃሚዎች ምርጫ መሠረት በቅደም ተከተል የሚያቀርብ የፍለጋ ሥርዓት ነበር። ዳኞቹ ተሳስተዋል ለማለት አያስደፍርም፤ ዳይሬክት ሂት ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2000 መጀመሪያ፣ አስክ ጂቭስ በተባለው ኩባንያ ተገዝቷል። ተሸናፊዎቹ ግን ዕቅዳቸውን አልጣሉም። በነሐሴ ወር 1998 አካማይ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በጥቅምት ወር 1999 አክሲዮኑ በ26 ዶላር ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የዕለቱ ገበያ የተዘጋው ከ145 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ነበር።

ሌዊን ይህን ብዙ ጊዜ ለማየት አልታደለም። መስከረም 11 ቀን 2001 ተሳፍሮበት የነበረው አውሮፕላን በጠላፊዎች እጅ ወድቆ በኒው ዮርክ ሕንፃ ላይ ሲከሰከስ፣ በ31 ዓመቱ ሕይወቱን አጣ። በዚያው ዕለት ዜና ፍለጋ ወደ ኢንተርኔት የጎረፈውን ሕዝብ ተሸክመው ከዋሉት ሥርዓቶች አንዱ እርሱ በንድፉ የተካፈለበት ሥርዓት ነበር።

እንግዲህ የአንድ ሽልማት ዋጋ በገንዘቡ መጠንም ሆነ በዳኞቹ ፍርድ ብቻ ሊመዘን አይችልም። ቼኩ ለአንድ ቡድን ይሰጣል፤ ዕቅዱን ለመጻፍ የተደረገው ድካም፣ በዚያም ድካም የተፈጠረው ትውውቅ ግን ለተሸነፉትም ይቀራል። ሽልማት የሚያቋቁሙ ተቋማትና ማኅበራት በቅድሚያ ሊጠይቁ የሚገባቸውም ማን ይሸለም የሚለውን ሳይሆን፣ ሽልማቱን ያላገኙት ምን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ የሚለውን ነው።