የማን መጽሐፍ፣ በማን ቋንቋ? የዕቅበተ እምነት ታሪካችን ለዋግ አገልጋይ የሚያስተምረው

ነገ በሰቆጣ ወይም በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋዎች እንዲያገለግሉ ቢመደቡ፣ ከተማሩት የዕቅበተ እምነት ትምህርት ምን ይዘው ይሄዳሉ? ብዙዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት የተጻፉት የእግዚአብሔርን መኖር ለሚጠራጠር ሰው መልስ ለመስጠት ነው። የዋግ ገበሬ ግን ይህን አይጠራጠርም። የእርሱ ጥያቄ፣ “አባቶቻችን ያመኑትን ክርስቶስ እንደ አዲስ የምትነግሩን ለምንድን ነው?” የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚያዘጋጀን ትምህርት በራሳችን አገር ታሪክ ውስጥ አለ።

ጥያቄው ሥር የሰደደ መሆኑን አስቀድመን እንቀበል። ዋግሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከዐለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሟል። ወደዚህ አገር የሚገባ አገልጋይ የክርስቶስ ስም ወዳልተሰማበት ምድር የገባ አይምሰለው።

ከታሪክ የምንጠራው የመጀመሪያው ምስክር አባ ዕንባቆም ናቸው። ከየመን መጥተው በኢትዮጵያ ክርስትናን ተቀበሉ፤ በኋላም የደብረ ሊባኖስ ዕጨጌ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1540 ገደማ፣ አብያተ ክርስቲያናት በሚቃጠሉበት ጦርነት መካከል፣ “አንቀጸ አሚን” የተባለውን ሥራቸውን ለኢማም አሕመድ ጻፉ። ማስረጃ የጠቀሱትም ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ሳይሆን ኢማሙ ከሚያከብረው ከቁርአን ጭምር ነው። ኢማሙ በዚህ አላመነም፤ እ.ኤ.አ. በ1543 በጦር ሜዳ ሞተ። ታዲያ ድካማቸው ከንቱ ነበርን? ዘመኑ ብዙ ክርስቲያኖች ከሰይፍ ፍርሃት የተነሣ እምነታቸውን የለወጡበት ዘመን እንደ ነበር እናስታውስ። እንዲህ ባለ ጊዜ ለእምነት የሚሰጥ መልስ ተቃዋሚውን ባያሳምን እንኳ የሚናወጠውን መንጋ ያጸናል።

ሁለተኛው ትምህርት ከሁለት ሚስዮናውያን ንጽጽር ይገኛል። ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 ጎንደር ሲገባ በአማርኛ የታተሙ ወንጌሎችን ይዞ ነበር። የሚጠይቁትን ካህናትና ደብተራዎች በቤቱ እየተቀበለ፣ አብሯቸው እያነበበ፣ ለጥያቄያቸው ከቅዱሳት መጻሕፍት መልስ ለመስጠት ይጥር ነበር። በትምህርቱ የማይስማሙ ሰዎች እንኳ ሰውየውን ወደዱት። ከእርሱ በኋላ የመጣው ካርል ኢዘንበርግ የተማረ ሰው ነበር፤ ለአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ያበረከተው ሥራም ቀላል አይደለም። ሆኖም በአድዋ ሳለ ልማዶቻቸውን በግልጽ እየነቀፈ ከካህናቱ ጋር ተጋጨ፤ እ.ኤ.አ. በ1838 ሚስዮናውያኑ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የደጃዝማች ውቤ ፖለቲካም በነገሩ እንደ ነበረበት አይካድም። ቢሆንም ሁለቱ ሰዎች አንድ ማኅበር ልኳቸው፣ አንድ መጽሐፍ ይዘው፣ በሰው ልብ የተዉት ነገር እጅግ የተለያየ ነው።

ሦስተኛው ምስክር የዋግ ጎረቤት ከሆነው ከበጌምድር ነው። ሼክ ዘካርያስ ሙስሊም መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ራእይ አየሁ ብለው ማስተማር ጀመሩ፤ ቁርአንን እየመረመሩም ስለ ኢየሱስ የሚናገረውን ለወገኖቻቸው ያስረዱ ነበር። ከሊቃውንት ጋር በአደባባይ ተከራከሩ፣ ተከሰሱም፤ በኋላ ግን ከዐፄ ምኒልክ የማስተማር ፈቃድ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1910 ከብዙ ተከታዮቻቸው ጋር በደብረ ታቦር ተጠመቁ፤ ንዋየ ክርስቶስም ተባሉ። ያሳመኑት ሰዎች የራሳቸው ሕዝብ ነበሩ፤ የጀመሩትም ሕዝቡ ከሚያውቀው መጽሐፍ ነው።

“የጋራ መነሻ መፈለግ እውነትን አያለዝብምን?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሼክ ዘካርያስ ታሪክ ግን መነሻው የጋራ ስለ ሆነ መድረሻው እንደማይደበዝዝ ያሳያል፤ የተከታዮቻቸው መንገድ ያበቃው በጥምቀት ነውና። በዋግ ደግሞ መነሻው ከዚህ እጅግ የቀረበ ነው። ሕዝቡ በጸሎተ ሃይማኖት የኒቅያን እምነት ይመሰክራል፤ እኛም ይህንኑ እንመሰክራለን። ከዚያ ተነሥተው የክርስቶስን አዳኝነትና ብቸኛ አማላጅነት በግልጽ ያስረዱ። የምንለያይበትንም አይደብቁ፤ የሚያከብሩትን ግን አያዋርዱ።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ጎባት የያዛቸው ወንጌሎች የተገኙት አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ በካይሮ ዓመታት ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ስለ ተረጐመ ነው፤ ወንጌሎቹ እ.ኤ.አ. በ1824 ታተሙ። ግእዝ ለማይገባው ሰው ትልቅ በር ተከፈተ። በዋግ ግን አማርኛም ለብዙ እናቶችና ሽማግሌዎች የእናት ቋንቋ አይደለም፤ የቤታቸው ቋንቋ ኽምጣና ነው። ኦስትሪያዊው ሊቅ ሊዮ ራይኒሽ በዚህ ቋንቋ ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1884 አሳትሟል። የውጭ ምሁር ያን ያህል ከደከመበት፣ በመካከላቸው የሚኖር አገልጋይ ቢያንስ ጸሎትና ምስክርነት በኽምጣና ለማድረግ ያልተጋበት ምክንያት ምን ይሆናል?

በመጨረሻም የንግግራችንን ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ያስቡ። ሰባኪ ለሦስት ቀን ጉባኤ መጥቶ፣ ታቦትንና ጾምን ነቅፎ፣ ጭብጨባ ተቀብሎ ይሄዳል። እዚያው የሚቀረው አዲስ አማኝ ነው። ልጁን የሚድረው፣ ዕድር የሚገባው፣ እናቱን የሚቀብረው ከነዚያው ጎረቤቶቹ ጋር ነው። በብዙ የሰሜን አካባቢዎች የቀብር ቦታ ጉዳይ ለወንጌላውያን አማኞች ምን ያህል ፈተና እንደ ነበረ መጋቢዎች ያውቃሉ። ስለ ወንጌል የሚመጣ መከራ ክብር ነው፤ ከእኛ ስድነት የሚመጣውን ግን በወንጌል ስም ልናስቈጥረው አንችልም።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 3 ቍጥር 15 እና 16፣ መልስ ለመስጠት መዘጋጀትን ከየዋህነትና ከበጎ ሕሊና ጋር አንድ ላይ ያዘዘን ያለ ምክንያት አይደለም። መልእክቱን የላከው በጎረቤቶቻቸው መካከል እንደ እንግዳ ለሚታዩና ለሚነቀፉ ጥቂቶች ነበር። በሰቆጣ ያለች አነስተኛ የአማኞች ኅብረት ያን መልእክት ማብራሪያ ሳያስፈልጋት ትረዳዋለች። እንግዲህ ወደ እርሷ ሲሄዱ መልስዎን አዘጋጅተው ይሂዱ፤ ከመመለስዎ በፊት ግን ሰዎቹ የሚያነቡትን ያንብቡ፣ የሚናገሩትንም ይማሩ።