ኮሶና ክኒን፦ የመጠን ጥያቄ በፎገራ ሜዳ

ፎገራ በከብቱ የታወቀ አገር ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚዘወተርበት ደግሞ የኮሶ ትል አይጠፋም። የባህል መድኃኒትንና ሐኪም የሚያዘውን ለማመዛዘን የትሉን ማስወጫ ኮሶን የመረጥሁት ለዚህ ነው።

የኮሶ ዛፍ በሜዳው አይበቅልም። የፎገራዋ ከተማ ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ዛፉ የሚወደው እንደ ጉና ያለውን ደጋ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የሚሆነው አበባው ወደ ፎገራ የሚወርደው በገበያ ነው። ገዥው መቼ እንደተለቀመ፣ ከሴቴው ዛፍ ይሁን ከወንዴው፣ ምን ያህል እንደሰነበተ አያውቅም፤ ኮሶ ደግሞ ሲሰነብት ይደክማል።

የደከመ ኮሶ የትሉን አካል ያስወጣና ጭንቅላቱን አንጀት ላይ ይተወዋል፤ ትሉም በሁለት ሦስት ወር መልሶ ያድጋል። ድሮ ኮሶ በየሁለት ወሩ ይጠጣ የነበረው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የበረታውና የበዛው ደግሞ ከትውከትና ከተቅማጥ አልፎ የዓይን ነርቭ እስከ መጉዳት እንደሚደርስ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ነፍሰ ጡር ጭራሽ ልትቀምሰው አይገባም።

በአንጻሩ ሐኪም ለኮሶ ትል የሚያዘው ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ 2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራም 4 ክኒን፣ አንድ ጊዜ ታኝኮ ይዋጣል። ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ሌላውን አካል ብዙም አይነካም። ብልጫው ከፋብሪካ መውጣቱ ሳይሆን መጠኑ መታወቁ ነው።

መጠኑ ካልተጠበቀ ክኒኑም ያው ነው። ለምሳሌ ሩዝ በሚዘራበት የፎገራ ረግረግ ወባ አለ። የወባው ክኒን ኮአርተም በ3 ቀን 6 ጊዜ ይዋጣል፤ ትኩሳቱ ሲበርድለት የቀረውን «ለሌላ ጊዜ» የሚያስቀምጥ ሰው ግን ተውሳኩን አልጨረሰውም። የኮአርተም አንዱ ንጥረ ነገርም መነሻው ቅጠል ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ከአርቴሚሲያ ተክል የዚህ ንጥረ ነገር መነሻ የሆነውን አርቴሚሲኒንን በማግኘቷ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልማለች። ቅጠሉን አፍልቶ የሚጠጣ ግን ስንት እንደጠጣ አያውቅም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የባህሉንና የሐኪሙን መድኃኒት ደርቦ መውሰድ ነው። ለልብ ሕመም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርት በብዛት እንደ መድኃኒት ሲጨምርበት የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ሐኪሙ ይህን የሚያውቀው ከጠየቀ ብቻ ነው፤ ሲጠይቅም ሳይቆጣ መሆን አለበት፣ አንዴ የተቆጡት በሽተኛ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ምንም አልወሰድሁም» ይላልና።